የግራዝማች መንጋጋና የአሳላፊው ቅምሻ

ጦር አልፈራም እያሉ የሚፎክሩትን ግራዝማች ወንድይፍራውን መንጋጋቸውን ካመማቸው ሰንብቷል። ጉንጫቸው እንደ ቅል አብጦ እንኳ፣ ጥርስ ነቃዩ ጉጠቱን ይዞ በመጣ ቁጥር «ዛሬ ዓርብ ነው፣ ዛሬ ጊዮርጊስ ነው» እያሉ ይመልሱታል። ሰበብ ሲያልቅባቸው ጠጅ አሳላፊያቸውን አስጠሩ።

«መርዝ እንዳይኖርበት ወደ አፌ የሚገባውን ሁሉ ቀድመህ የምትቀምሰው አንተ አይደለህ? በል ጉጠቱንም ቅመስልኝ! አንድ ጤነኛ ጥርስህን ተነቀልና ማመም አለማመሙን ልየው» አሉት። ባለሟሉ ሁሉ ከጣሪያ በላይ ሳቀ።

አሳላፊው እጅ ነስቶ፣ «እሺ ጌታዬ፣ ልማድማ አይፈርስም» አለ። «ጠጁን በመዳፌ ጠብ አድርጌ የምቀምሰው እኔ፣ ገንቦውን የሚያደርቁት እርስዎ ነዎት። እንግዲህ ከእኔ አንዲት ጥርስ ትነቀል፤ እርስዎ ደግሞ እንደ ልማድዎ አንድም ሳያስተርፉ ይጨርሱ።»