ነፍጡ ያልጮኸ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ከነጭራሹ በቀረበት ዓመት፣ በአንድ ሰፊ ቆላ ውስጥ ከአንዲት ኩሬ በቀር ውሃ የሚባል ነገር ጠፋ። ከተራራው ማዶ የማይደርቅ ወንዝ እንዳለ አራዊቱ ሁሉ ሰምተዋል። መንገዱ ግን ሩቅ ነው፣ ድንጋያማ ነው፣ ጥላም የለው። ኩሬዋ ደግሞ እዚሁ አፍንጫቸው ሥር ናት። ስለዚህ ሁሉም ወደ ኩሬዋ ይወርዳሉ። ይህንኑ የሚያውቅ ሻረው የሚባል አዳኝም ከውሃው ባሻገር ካለው ቋጥኝ ጀርባ አድፍጦ ይጠብቃቸዋል።

ሻረው የያዘው ከአያቱ የወረሰውን ነፍጥ ነበር። ያ ነፍጥ እንደ ዛሬዎቹ ጠመንጃዎች ጥይት በጥይት ላይ የሚያከታትል አይደለም። ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈሱበታል፣ ጨርቅ ይወትፉበታል፣ አረሩን ይጥሉበታል፣ ከዚያም በረጅም ዘንግ እየጠቀጠቁ ያጎርሱታል። ሲተኮስ ታዲያ ሸለቆው በሙሉ ይናጋል። ጭሱ ተኳሹን ራሱን ስለሚጋርደው ሻረው መምታቱን የሚያውቀው ሳሉ ከለቀቀው በኋላ ነው።

የዚህን ነፍጥ አመል ከሁሉ አስቀድማ ያጠናችው እመት ቀበሮ ናት። አንድ ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝታ ስትመለከት፣ ነፍጡ ከጮኸ በኋላ ሰውየው አጉርሶ እንደገና እስኪደግን ድረስ አንድ መንጋ ጠጥቶ ሊመለስ እንደሚችል አስተዋለች። ወዲያው አራዊቱን ሰበሰበች።

«ወገኖቼ፣» አለች ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ይህ ነፍጥ የሚያስፈራው እስኪጮህ ነው። ከጮኸ በኋላ ተራ ብረት ነው። እንግዲህ አንዳችን ቀድሞ ይውረድ፣ ሌሎቻችን ጥሻው ውስጥ እንጠብቅ። ነፍጡ ሲጮህ ግልብጥ ብለን ወርደን፣ ጠጥተን እንመለሳለን።»

«ቀድሞ የወረደውስ?» ስትል ጠየቀች ሚዳቋ።

«እሱማ ፊታውራሪያችን ነው!» አለች ቀበሮዋ ፈገግ ብላ። «ከወገኑ ፊት መቅደም ትልቅ ማዕረግ ነው፣ እመት ሚዳቋ። አንገቱ ላይ ሐረግ እናስርለታለን፣ ስሙንም ስናነሳ እንኖራለን።»

«እኔ በበኩሌ ተስማምቻለሁ፣» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። «ሰውየው ሥጋውን ተሸክሞ ሲሄድ አንጀቱን እዚያው ነው የሚጥለው። ለፊታውራሪው እኔ አለቅስለታለሁ።»

ሚዳቋ ሌላም ጥያቄ ነበራት። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ግልገሏ የደረቀ ጡቷን እየጎተተ ያቃስት ነበር። ውሃ ካልጠጣች ወተት የለም፤ ወተት ከሌለ ግልገል የለም። ስለዚህ ጥያቄዋን ዋጠችው።

የመጀመሪያው ፊታውራሪ አባ ድኩላ ሆኑ። ሽማግሌ ናቸው፣ ልጅም ዘመድም የላቸው። ሐረጉን አንገታቸው ላይ አሰሩላቸው፤ ወረዱ፤ ነፍጡ ጮኸ። የቀሩት ተግተልትለው ወርደው ጠጡ። ሚዳቋም ከዚያች ኩሬ ጠጣች፣ ጡቷም አጋተ። ከዚያ በኋላ ቀበሮዋ የምትሾመው እንዲሁ ጠያቂ የሌለውን፣ ያረጀውን፣ ከሌላ አገር ተሰድዶ የመጣውን ሆነ። ያረጁት ነገሩን አውቀው ዝም ብለው ይወርዳሉ፤ እንግዶቹ ደግሞ ሳያውቁ ደስ ብሏቸው ይወርዳሉ። ማንም አልተቃወመም፤ የጠጣ አፍ እንዴት ብሎ ይቃወማል?

ግልገሉ አንዳንድ ጊዜ ይጠይቃታል። «እማዬ፣ ፊታውራሪዎቹ የት ነው የሚሄዱት?»

«ሹመታቸውን ተቀብለው ከተራራው ማዶ ይሄዳሉ፣» ትለዋለች። ይህን ባለች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

ሻረውም ቢሆን ሞኝ አልነበረም። ነፍጡ በጮኸ ቁጥር አራዊቱ እንደ ተጠራ እድምተኛ ከጥሻው እየወጡ፣ እሱ ዘንጉን ይዞ ሲጠቀጥቅ ዓይኑ እያየ ጠጥተው ሲመለሱ ቆጨው። «ለካ እኔ ነኝ የምጠራቸው!» አለ። ነፍጡንም ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለውና ወደ ጫካ ገብቶ ጠንካራ እንጨት ቆረጠ። እንጨቱን በእሳት አሙቆ አጎበጠው፣ በበሬ ጅማት ወጠረው፣ ሹል ፍላጻዎችም አበጀለት። ቀስት አይጮህም፣ አይጨስም። አንዱን ፍላጻ ለቅቆ ሌላውን ለመደገን ደግሞ ጊዜ አይፈጅም።

ይህን ከአራዊቱ ማንም አላወቀም። በማግስቱ ቀበሮዋ ሐረጉን ይዛ ወደ ጋሽ ከርከሮ መጣች።

ጋሽ ከርከሮ እሳት ከበላው ጫካ ሸሽቶ በቅርቡ የመጣ እንግዳ ነበር። ፊቱ መልከ ጥፉ፣ ሆዱ ግን የዋህ ነው። ፀሐይ ስትከር በክራንቻው መሬቱን ቆፍሮ ቀዝቃዛውን አፈር ያወጣና የሚዳቋን ግልገል እላዩ ላይ ያስተኛዋል። ግልገሉም «ጋሼ፣ ጋሼ» እያለ ከእግሩ ሥር አይጠፋም።

ሐረጉ ታስሮለት ሲያበቃ ወደ ሚዳቋ ጠጋ አለ። «እመት ሚዳቋ፣ እኔ ለዚህ አገር ባዳ ነኝ። ከሌሎቹ ይልቅ እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው። ፊታውራሪ የሆነ ሰው ምን ይጠበቅበታል?»

ሚዳቋ እውነቱን ልትነግረው አፏን ከፈተች። ቀበሮዋ ግን ከጀርባው ሆና ትሰማ ነበርና ቀስ ብላ ወደ ግልገሉ ተመለከተች። «ጋሽ ከርከሮ ካልተመቻቸው ግድ የለም፣» አለች። «ትንሽ ቀለል ያለ ሌላ ፊታውራሪ አናጣም።»

ሚዳቋ ግልገሏን ወደ ጎኗ አስጠጋችው። «ቀድሞ መጠጣት ነው፣» አለች ለከርከሮው፣ መሬት መሬት እያየች። «ሌላ ምንም የለበትም።»

«እግዜር ይስጥልኝ!» አለ ጋሽ ከርከሮ። «ስደተኛ ብዬ ብመጣ ይህን ያህል አከበራችሁኝ?» ጭራውን እንደ እንጨት ቀጥ አድርጎ እየተጎማለለ ወረደ።

ከርከሮ ውሃ ሲጠጣ የፊት እግሮቹን አጥፎ ይንበረከካል። ጋሽ ከርከሮም ተንበርክኮ መጠጣት ጀመረ። አራዊቱ ጥሻው ውስጥ ሆነው ጆሯቸውን አቆሙ። ነፍጡ አልጮኸም። ጠበቁ፤ አሁንም አልጮኸም። ከርከሮው እንደተንበረከከ ነው።

«ኩሬዋን ሊጨርሳት ነው እኮ!» ሲል አጉረመረመ አያ ጅቦ። «ፊታውራሪ አደረግነው እንጂ ውሃውን በሙሉ ሰጠነው?»

«ገብቶኛል፣» አለች ቀበሮዋ። «ሰውየው ዛሬ አልመጣም። መጥቶ ቢሆን ነፍጡ እስካሁን ጮኾ ነበር። በሉ ውረዱ፤ የዛሬው ውሃ ያለ ሥጋት ነው።»

አራዊቱ ተግተለተሉ። ግልገሉ ግን ከሁሉ ቀድሞ ፈትለክ አለ። «እማዬ፣ ነፍጡ አልጮኸም! ዛሬ ጋሼ ከርከሮ ሊመለስልን ነው!» እያለ ቁልቁል ሮጠ።

ሚዳቋ ተከትላው ሮጠች። ስትደርስ ግልገሏ ከርከሮውን በአፍንጫው እየገፋ «ጋሼ፣ ተነስ እንጂ» ይለዋል። ዝንቦች በከርከሮው ዓይን ላይ ሰፍረዋል፤ ጆሮው ግን አይወዛወዝም። ዞር ብላ በወዲያኛው ጎኑ በኩል ተመለከተች። ፍላጻው ከጎድኑ መካከል ገብቷል፤ ከውጭ የቀረው ላባው ብቻ ነው። ክራንቻው ጭቃው ውስጥ ተተክሎ ስለ ደገፈው ሞቶም አልወደቀም።

«ተመለሱ!» ብላ ጮኸች ሚዳቋ በሙሉ ድምፅዋ። «ሞቷል! ሰውየው እዚህ ነው! ተመለሱ!»

ቀና ብሎ ያያት ጥቂቱ ነው። አንድ ቆርኬ አፉን ውሃ ውስጥ እንደነከረ ወደቀ፤ ከጎኑ የነበረው ባልንጀራው መጠጣቱን እንኳ አላቋረጠም። ሁሉም የሚጠብቁት ያንን የለመዱትን ድምፅ ነበር፤ ድምፁ ደግሞ አልመጣም።

ቀበሮዋ በንዴት ወደ ሚዳቋ ተስፈንጥራ መጣች። «ምን ያስጮኸሻል? ሕዝቡን ልትበትኚው ነው?» አለችና ፊቷ ላይ ተገተረች። «ነፍጥ ሳይጮህ ማን ሞቶ ያውቃል?»

ሻረው ቋጥኙ ጀርባ ሆኖ ያነጣጠረው ሚዳቋን ነበር። ፍላጻው ሲደርስ ግን ከሚዳቋ ፊት የቆመችው ቀበሮዋ ናት። ተንገዳገደች። ደረቷ ላይ የበቀለውን እንጨት ዝቅ ብላ አየችው።

«ግን እኮ...» አለች። «ግን እኮ አልጮኸም።» ከዚያም ከርከሮው አጠገብ ተዘረረች።

ያን ጊዜ መንጋው ደነበረ። የሚሸሸው ሸሸ፣ የሚወድቀው ወደቀ። አያ ጅቦ ብቻ እግሩ አልነሳ አለው። በዙሪያው እንዲህ ያለ ድግስ አይቶ አያውቅም። «ለካ ሳይጮህም ይገኛል!» ብሎ ወደ መጀመሪያው ሬሳ ጎንበስ አለ። እንዳጎነበሰም ቀረ፤ ለአንጀት ሲል ስንት ቀን ዙሪያውን ሲያንዣብብበት የኖረውን ጅብ ሻረው በምንም አይምረውም ነበር።

ሚዳቋ ግልገሏን በግንባሯ እየገፋች አቀበቱን ወጣች። ጥሻውን ስታልፍ አልቆመችም። የተረፉት ጥቂቶች እየተንጠባጠቡ ተከተሏት።

«ወዴት ነው የምትሄጂው?» አላት አንዱ።

«ከተራራው ማዶ ወዳለው ወንዝ።»

«ሩቅ ነው እኮ! ሁላችንም አንደርስም።»

«ሁላችንም አብረን እንሄዳለን፣» አለች። «የሚደክመውን ቆመን እንጠብቃለን። ቀድሞ ሂድልን የሚባል ከእንግዲህ አይኖርም።»

ሲሄዱ ቆዩ። ግልገሉ ከጎኗ ሆኖ እየተራመደ፣ «እማዬ፣» አላት፣ «ቅድም ሞቷል ያልሽው ደንግጠሽ ነው እንጂ፣ ጋሼ ከርከሮም፣ አባ ድኩላም፣ እነዚያ ሁሉ ፊታውራሪዎች ከተራራው ማዶ እየጠበቁን ነው አይደል?»

ሚዳቋ ቆመች። አንድ ተጨማሪ ውሸት ይበቃት ነበር፤ ልጇም አምኗት ደስ ብሎት ይሄድ ነበር። ግን ያን የዋህ ከርከሮ፣ ያን «እግዜር ይስጥልኝ» ያላትን፣ ከልቧ ልታወጣው አልቻለችም። እንባዋ መጣ።

«አይደለም፣ ልጄ። ሁሉም ሞተዋል። እኛ እንድንጠጣ ብለን እያወቅን ነው የላክናቸው። ጋሽ ከርከሮ ጠይቆኝ ነበር፤ እኔ ዋሸሁት።»

ግልገሉ ትክ ብሎ አያት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ ተራራው አናት ድረስ የሄደው ከጎኗ ሳይሆን ከኋላዋ፣ ራቅ ብሎ ነበር። እሷም ና ጠጋ በል ለማለት አፍ አልነበራትም።

ከዚህ የምንማረው ባልንጀራውን ከፊት እያስቀደመ በእሱ ሞት መትረፍን የለመደ ሁሉ፣ ሞት ድምፁን አጥፍቶ የመጣ ዕለት ራሱን ከፊት ቆሞ እንደሚያገኘው፣ ቢተርፍ እንኳ የገዛ ልጁን ዓይን ቀና ብሎ ማየት እንደሚያቅተው ነው።