ከጀግናው የሚበልጥ ሰይፍ

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ጥጋቡ ፊዚክስ መማራቸውን ሳይናገሩ ሰላምታ እንኳ አይሰጡም ነበር። አንድ ቀን ጌም ቤት ገብተው ቴሌቪዥኑን ሲያዩ፣ አንድ ቀጭን ጀግና ከቁመቱ የሚበልጥ ሰይፍ ይዞ አየር ላይ እየዘለለ ጠላቶቹን በአንድ ምት ይዘርራል።

«ወጣቱን ውሸት ትመግባለህ!» ብለው ባለቤቱ ላይ ጮኹ። «ወይ ይህን በፊዚክስ አስረዳኝ፣ ወይ ቤቱን አሽገዋለሁ።»

ቤቷ ሰውየው ወጣትነቱን ሙሉ ሲሚንቶ ተሸክሞ የከፈታት ናት። የክብደትን ነገር ትከሻው ያውቀዋል። እንዲህ አላቸው፦

«ጋሼ፣ ይሄም እንደ እርስዎ እየፎከረ ነው። ባለፈው እሑድ ሠርግ ላይ ሲፎክሩ ገደል ዘለው በአንድ ጥይት ሰባት ሰው ጣሉ፤ እኛም አጨበጨብን። የጥይቱን ፊዚክስ ያስረዱኝና የሰይፉን እኔ እቀጥላለሁ።»