ፎቶው ላይ የጸደቀው አቮካዶ

ጭብጨባ ካልሰሙ እንቅልፍ የማይወስዳቸው አንድ የወረዳ አስተዳዳሪ ነበሩ። አንድ ክረምት ካሜራ አስከትለው ከአንዲት ባልቴት ጓሮ ገቡና ዓይናቸውን ከካሜራው ሳይነቅሉ የአቮካዶ ችግኝ ከነላስቲኩ ተከሉ።

ባልቴቷ ደንግጣ፣ «ኧረ ጌታዬ፣ ላስቲኩ አልተቀደደም!» ብትል፣ «እኔ የተከልኩትን ማንም እንዳይነካ!» ብለው አፈጠጡባት።

ከሦስት ዓመት በኋላ ከበላይ የመጡ እንግዶችን ይዘው፣ «በይ ከአቮካዶዬ አቅምሺን» አሏት። ጓሮው ውስጥ የቆመው ግን ደረቅ እንጨት ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ችግኜን ገደልሽው! ትጠየቂያለሽ!» ብለው እንግዶቹ ፊት ጮኹባት።

ባልቴቷ ጎንበስ ብላ እንጨቱን ሳብ ብታደርገው ከነላስቲኩ ብቅ አለ።

«ክቡርነትዎ፣ ይሄስ እንዳይነካ ብለው እንዳልነካሁት ደረቀ» አለች። «ቢሮዎ ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ግን እስካሁን ለምለም ነው አሉ፤ ፍሬውን ከዚያው ያስለቅሙ።»