ጀልባዋን ያንኳኳችው ሴት

አንድ ሰው ነበር። ጣና ዳር የሚኖር፣ ስንሻው የሚባል። በሚመጣው በዓል የሰፈሩን እናቶች ደሴቱ ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን አሻግራለሁ ብሎ ቃል ገባና ያገለገለች ጀልባ ሊገዛ ሄደ።

ጀልባዋ እንደ ሌላው አይደለችም። ካታማራን ይሏታል፤ ሁለት ጠባብ ጀልባዎች ጎን ለጎን ሆነው በአንድ ወለል የተጋጠሙባት መንትያ ናት። አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ መጋረጃ አላት። ቀለሟማ አይነሳ! ስንሻው ገና ሲያያት ልቡ ሸፈተ።

ይህ ሰው እኮ በሬ ሲገዛ አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን የሚቆጥር ነው! ጀልባዋንስ ምን አደረጋት? መጋረጃዋን ዳሰሰ፣ ፍራሿ ላይ ተቀመጠ። በቃ።

ሚስቱ የዝና አብራው ነበረች። የዝና ስለ ጀልባ አታውቅም። እንስራ መግዛት ግን ታውቃለች። እስቲ እናቶች፣ እንስራ ስትገዙ ምን ታደርጋላችሁ? ታንኳኳላችሁ አይደል? ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ይታፈናል።

እሷም ጎንበስ ብላ፣ ደረቅ ላይ የተጎተተችውን ጀልባ በጣቷ አንጓ እያንኳኳች መዞር ጀመረች። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ገበያ አደረግሽው!» አለ ስንሻው አፍሮ።

ሻጩ ቢያድግልኝ ሳቀ። «እታለም፣ ውስጥ ሰው የለም፤ ማንም አይከፍትልሽም!»

ኳ፣ ኳ፣ ዱም።

ሁለቱ መንትዮች ከወለሉ የሚጋጠሙበት ጋ ስትደርስ ድምፁ ታፈነ። የዝና ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን የቤት ቁልፍ ፈታችና ቀለሙን ፋቀችው። ከቀለሙ ስር የተለሰነው ስቱኮ እየተፈረፈረ ወደቀ። ከስሩ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ፤ እንጨቱም ጠቁሮ በስብሷል።

ሳቁ ቆመ። ቢያድግልኝ ተንበርክኮ ጣቱን ከተተ። «እኔም ቀለሟን አይቼ ነው የገዛኋት» አለ ቀስ ብሎ። «በየዓመቱ ከላይ ከላይዋ እቀባታለሁ። ልጆቼን እየጫንኩባት፣ እታለም።»

ወገኖቼ፣ «ውስጡን ለቄስ» ትላላችሁ። እኔ ቄሱ ታዲያ ከነጣ ነጠላችሁ በቀር ምን አያለሁ?

ልብ በሉ፤ ሁለቱ መንትዮች ደህና ነበሩ። ለየብቻ ስታንኳኳቸው ጥርት ብለው ይጮኻሉ። የተሰነጠቀው መጋጠሚያው ነው። ባል ለብቻው መልካም ሰው ነው፤ ሚስትም ለብቻዋ መልካም ሴት። መጋጠሚያችሁስ? ከወንድምህ ጋር፣ ከጎረቤትሽ ጋር የምትጋጠሙበትስ? ስንት በዓል ቀባችሁት? አንድ ሰው መጥቶ ሲያንኳኳውስ፣ «ገበያ አደረግሽው» ብላችሁ አልተቆጣችሁም?

እናቶች በዚያ በዓል አልተሻገሩም። ስንሻውና ቢያድግልኝ ጀልባዋን ፈትተው አብረው ሲጠግኑ ከረሙ። እናቶች በዓመቱ ተሻገሩ። ታዲያ ከመሳፈራቸው በፊት አንዳቸውም ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው አንኳኩ፤ ስንሻው ቆሞ ይስቃል።

እናንተም ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንኳኩ። ዱም ቢል አትሸበሩ፣ ቀለምም አትፈልጉ። ቁልፉን ፍቱና ፋቁት። ገና አልተሳፈራችሁም፤ ዳር ላይ ናችሁ።