የአስፋልት ዳሩ ቤትና ሦስቱ ጥማድ ኮምፒውተሮች

በ2009 ዓ.ም. ክረምቱ በጊዜው ገባ። በረዶ አልጣለም፣ ጎርፍም አላስቸገረም። ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ የሚያርሰው አያ ሽባባው በቆሎው ከራሱ ቁመት ሲበልጥ አየና ሚስቱን ውባለምን «ደህና ነው» አላት። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ደህና ያልሆነው ከተማ ያለው ቤቱ ነበር። አንድ ዓመት በርበሬ ቀንቶት አስፋልት ዳር አንድ ክፍል ቤት ሠርቷል። ሦስቱ ልጆቹ፣ ታላቁ ይበልጣል፣ መካከለኛዋ ጠጂቱና ታናሹ ምንችል፣ ኮምፒውተር መሸጫ ከፈቱበት። መጀመሪያ ላይ ገበያው የሚያስቀና ነበር። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባለት ይገዛል፣ ያልገባለትም ይገዛል። ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ያስቀምጥና ዳንቴል ያለብሰዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉን ይገልጣል።

ከዚያ የሰው ፍላጎት ተለወጠ። ልጆቹ ማንንም አላታለሉ፣ ማንንም አላስቀየሙ። ስልክ መጣ፣ ያ ብቻ ነው። ድሮ ለኮምፒውተር ያጠራቅም የነበረ ወጣት በጣት የሚነካ ስልክ ገዝቶ ኪሱ ከተተ። በሩ ላይ ቆሞ ዋጋ የሚጠይቅ እንኳ ጠፋ። ስድስት ኮምፒውተሮች ሳይሸጡ ቀሩ። አሁን ዳንቴል የሚያለብሷቸው ልጆቹ ራሳቸው ሆኑ፣ አቧራ እንዳይገባባቸው።

ይህን ያየ የብረታ ብረት ነጋዴ፣ አቶ ገደፋው፣ ቤቱን ሽጡልኝ ብሎ ሽማግሌ ይዞ መጣ። አያ ሽባባው «መስቀል ይለፍና እነግርሃለሁ» ብሎ ሸኘው።

በነጋታው ልጆቹን ሰብስቦ ኮምፒውተሮቹን ቆጠረ።

«ስድስት ናቸው። ሁለት ሁለት ውሰዱ። ለእያንዳንዳችሁ አንድ ጥማድ ሰጥቻለሁ» አለ።

ጠጂቱ ሳቀች። «አባየ፣ በሬ አደረግሃቸው እኮ!»

«በሬማ ቢሆኑ ሣር ይበሉ ነበር። እነዚህ ቆመው የሚበሉት እኔን ነው።» ከዚያ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። «እስከ መስቀል ይህን ቤት ከመሸጥ ያዳነ፣ ቤቱ የእሱ ነው። የአንድ ሰው ነው። እኛ አራት ወንድማማቾች የአባታችንን መሬት ስንካፈል በሬ ማዞሪያ አጥተናል። ይህን አልቆርጠውም።»

ይበልጣል ጥማዱን በዚያው ሳምንት አይሱዙ ላይ ጭኖ ባሕር ዳር ወሰደና ሸጠ። በኪሳራ ነው የሸጠው፣ ግን አልተቆጨም። በምትኩ ስልክ፣ ቻርጀር፣ የስልክ ሽፋንና መስታወት ይዞ ተመለሰ። ጠረጴዛውን ከቤቱ አውጥቶ በሩ ላይ ዘረጋ። «እኔ የምወደውን ደርድሬ ሰው አልጠብቅም። ሰው የሚወደውን ይዤ እቆማለሁ» አለ። ከተማው ውስጥ ስልኩ የተሰነጠቀበት ሁሉ ወደዚያ በር መምጣት ጀመረ። ለወራት ጭር ያለው ደጅ እንደገና ጫጫታ ሰማ።

ጠጂቱ አልሸጠችም። መሬት የእኩል እንደሚሰጥ ጥማዷን የእኩል ሰጠች። አንዱን ለተማሪዎች ጽሑፍ ለምትተይበው ለስንዱ፣ ሌላውን ሠርግና ክርስትና ላይ ፎቶ ለሚያነሳው ለላቀው። «ምርቱ እኩል፣ ጉዳቱም እኩል። ስፈልጋችሁ ደግሞ ከነማሽኑ ትመጣላችሁ» ብላ ተስማማች። ሰፈሩ ሳቀባት። «ኮምፒውተር የእኩል ሲታረስ አየን! ገለባውንስ ማን ይወስዳል?» አሏት። እሷ ግን በየሳምንቱ ድርሻዋን እየተቀበለች ለአባቷ ታሳይ ነበር።

ምንችል ያደረገው ነገር ግን አያ ሽባባውን እንኳ አስደነገጠ። ጥማዱን በመፍቻ ፈታታው። ሆድ ዕቃቸውን አውጥቶ ጆንያ ውስጥ ከተተ።

«አንተ እብድ! የሚያርስ በሬ ታርዳለህ?» ብሎ ይበልጣል ጮኸበት።

«አዲስ የሚገዛ የለም ማለት ሁሉም አሮጌውን ይዟል ማለት ነው። አሮጌ ደግሞ ይታመማል» አለ ምንችል። ጆንያውን ተሸክሞ ቤት ለቤት ዞረ። ዳንቴል ለብሶ የሞተውን ሁሉ ከራሱ ኮምፒውተር በወሰደው ዕቃ አስነሳ። ገንዘብ የሌለው ማር ሰጠው፣ እንቁላል ሰጠው። ውባለም «ይሄ ልጅ ሐኪም ነው ወይስ ቄስ?» እያለች ትቀበለው ነበር።

የመስቀል ሰሞን ከየከተማው ወጣቶች አገራቸው ገቡ። ስልካቸው በፎቶ ተሞልቷል። ወላጆቻቸው ግን ስልክ ውስጥ ማየት አልበቃቸውም። አንዲት እናት የይበልጣል ጠረጴዛ ፊት ቆመው «ስልኩ ሲጠፋ ልጄም ሊጠፋ ነው? ግድግዳዬ ላይ የምሰቅለው አድርጉልኝ!» አሉ። ይበልጣል ይህንኑ ጥያቄ ከሌሎችም ሲሰማ ሰነበተና ለእህቱ ነገራት። ጠጂቱ ስንዱንና ላቀውን ከነማሽናቸው ጠራች። ላቀው የፎቶ ማተሚያውን ጨምሮ መጣ። ወሬው ሲሰማ ሰልፉ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ደረሰ።

በደመራ ዋዜማ፣ ቀትር ላይ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ተቃጠሉ። የጠጂቱ ፊት አመድ መሰለ። ይበልጣል ሰዉን «ትንሽ ታገሱ» እያለ ይለምን ጀመር። ከሰልፉ ውስጥ «እኛስ እንታገስ፣ ወደ ገጠር የሚመልሰን መኪና አይታገስም!» የሚል ድምፅ መጣ። ከዙረቱ የተመለሰው ምንችል ጆንያውን ፈትቶ የተቃጠለውን አወጣ፣ የራሱን አስገባ። ኮምፒውተሮቹ እንደገና ሠሩ። ሰልፉ እልል አለ።

አቶ ገደፋው የደረሰው ይኼኔ ነው። በሩ ጋ ለመድረስ ሞክሮ አልቻለም። በሰው ትከሻ ላይ አሻግሮ «አያ ሽባባው! ቤቱን የሚሸጡልኝ ከነሰልፉ ነው?» አለ።

«አልሸጥም» አለ አያ ሽባባው።

ነጋዴው ስቆ፣ እግረ መንገዱን ለልጁ የስልክ ሽፋን ገዝቶ ሄደ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሦስቱ አባታቸው ፊት ቆሙ።

«ሰዉን ወደ በሩ የመለስኩት እኔ ነኝ» አለ ይበልጣል።

«የመጣው ሰው ያገኘው የእኔን ሥራ ነው። የእኔ ጥማድ ባይኖር ባዶ እጁን ይመለስ ነበር» አለች ጠጂቱ።

«ጥማድሽ ሲሞት እኮ ሁለታችሁም ቆማችሁ ታዩ ነበር» አለ ምንችል።

አያ ሽባባው ሦስቱንም አየ። ይበልጣል ጥማዱን ሸጦታል፣ ግን ደጁ ላይ ሕይወት ዘርቷል። የጠጂቱ ጥማድ ዛሬም ይሠራል፣ ግን በሰው እጅ ነው፤ በዚያ ቀንም የተረፈው በወንድሟ ዕቃ ነው። ምንችል የራሱን አርዶ የሁሉንም አድኗል፣ ግን በሩ ላይ አንድ ሰው አላመጣም። ሦስቱም እውነት ተናግረዋል።

ውባለም «ዕጣ ጣልባቸው» አለችው።

«እንጨት አይፈርድልኝም» አላት።

ወሰነ። ቤቱ አይሸጥም፣ አይቆረጥም፣ ዕጣም አይጣልበትም። የጤፉ አረም ሲያልቅ የአንዱን ስም ይጠራል። እስከዚያ ሦስቱም ይሠሩበት አለና ወደ ማሳው ሄደ። በደቦ ሊያርሙለት ለመጡት ጎረቤቶቹ፣ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር አድርጎ፣ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው።

ጎረቤቱ ልየው ቀና ብሎ «ለይበልጣል ነዋ! ሰው ከሌለ ቤት ምንድን ነው?» አለ። ሚስቱ «ዝም በል፣ ለጠጂቱ ነው፤ ሳትሸጥ ሳታርድ ያሳደረች እሷ ናት» አለችው። ከጫፍ ያለው ሽማግሌ የምንችልን ስም ጠራ። አረሙ ቆመ። አያ ሽባባው ጎንበስ ብሎ ማረሙን ቀጠለ፣ ጆሮው ግን እነሱ ጋ ነበር።

እናንተስ ከዚያ መስመር ገብታችሁ ብታርሙ፣ ቤቱ ለማን ይገባል ትሉት ነበር?