ማስረሻ የበላባቸው ቤቶች

በአንድ ወቅት፣ የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ገና ሳይፈርስ፣ አዲስ አበባን በእግር የሚያስጎበኙ ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ። እንግዶቻቸውን ጠዋት ጊዮርጊስ አደባባይ ይሰበስቡና በፒያሳ አሮጌ ሰገነቶች ሥር፣ በጠባቦቹ መንደሮች ውስጥ፣ እየቀመሱና እያስቀመሱ እስከ መርካቶ ይወርዳሉ። በፍርዱ የሚባለው ፊት ፊት ይሄዳል። የማያውቀው ምግብ ቤት፣ የማያስቀው አስተናጋጅ አልነበረም። ዓይናለም መሐል ሆና ታስረዳለች። ይህን ቤት ማን ሠራው፣ በዚህ መንደር ማን ኖረ የሚለውን ሳታጣራ አንድ ቃል አትተነፍስም። ናስር ደግሞ ኋላ ኋላ ይከተላል። ሥራው የደከመውን መጠበቅ፣ የጠፋውን መመለስ ነው። ንግግር አይወድም።

በጥር ወር አንድ ሰኞ፣ እንግዶቻቸውን ሸኝተው ሲመለሱ፣ ጥቁር የለበሰች እናት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተነሥታ ወደ እነሱ መጣች። ስሟ ይመኙሻል ነው፤ አገሯ መንዝ።

«ልጆቼ፣ ሰው አስከትላችሁ ከምግብ ቤት ምግብ ቤት ስትዞሩ አየሁ» አለቻቸው። «እኔንስ ልጄ የበላበትን ቤት ታሳዩኛላችሁ?»

ልጇ ማስረሻ ይባል ነበር። አባቱ የሞተው እሱ ገና በሆዷ ሳለ ነው። «ሐዘኔን አስረሳኝና ማስረሻ አልኩት። እሱን ደግሞ ማን ያስረሳኝ?» አለች። ልጁ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ አንድም ቀን አገሩ አልተመለሰም፤ እሑድ እሑድ ግን በጎረቤት ስልክ ይደውልላታል። የእሷ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ምን በላህ?» እሱም ይነግራታል። ዛሬ ፒያሳ ኬክ ቤት ገብቼ ሚልፎይ በላሁ፤ ዛሬ ዶሮ ማነቂያ ጥብስ አስጠበስኩ፤ ዛሬ መርካቶ ፉል በእንቁላል። እሷም ቀምሳው የማታውቀውን ምግብ ለአገሩ ሰው ስታወራ ትውላለች።

ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። መርዶው እስኪደርሳት ልጁ ተቀብሮ አፈሩ ደርቆ ነበር። የቀበሩት አብረውት የሚሠሩ ጓደኞቹ ናቸው። አሁን ለሙት ዓመቱ መጥታ፣ መቃብሩን ስማ፣ ጸበል ጸዲቁን አድርሳ ጨርሳለች። አገሯ ከመግባቷ በፊት የቀራት ምኞት ልጇ በተቀመጠበት ተቀምጣ፣ የበላውን መብላት ብቻ ነው።

«ነገ ጠዋት ይምጡ እማማ፤ እናሳይዎታለን» አሉ ሦስቱም።

የሰጠቻቸውን ፎቶ ይዘው ከሰዓት በኋላ የጠራቻቸውን ቤቶች ሁሉ አዳረሱ። ማስረሻን የሚያውቅ ጠፋ። የኬክ ቤቱ ዘበኛ ብቻ ፎቶውን ትኩር ብሎ አየና፣ «ይህ ልጅማ ገብቶ አያውቅም» አለ። «መስተዋቱ ጋ ቆሞ ያይ ነበር። አንድ ቀን ‘ያ ምን ይባላል?’ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሚልፎይ ነው አልኩት።»

እውነቱን ያገኙት መርካቶ፣ ከአንድ ሆቴል ጓሮ ነው። ሳህን የሚያጥቡት ሴቶች ፎቶውን ሲያዩ እጃቸውን ከአረፋው አወጡ። ማስረሻ አውቶቡስ ተራ የሚውል ተሸካሚ ነበር። የሚበላው ቡሌ ነው፤ ከየሳህኑ ላይ የተረፈው ተቀላቅሎ በላስቲክ የሚሰጠው። የሚያድረው በረንዳ ላይ ነው። ያገኛትን ሁሉ ወደ መንዝ ይልክ ነበርና የእናቱ ጎጆ ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ የለበሰው በዚያ ነው። በመጨረሻ ብርድ ሳንባውን መታውና ሞተ።

ሦስቱ ጓደኛሞች እዚያው ጓሮ ተጣሉ።

«አይነገራትም!» አለ በፍርዱ። «ልጁ እስኪሞት የደበቃትን እኛ ማን ነን የምንገልጠው?»

«የጠየቀችን ልጇ የበላበትን ነው» አለች ዓይናለም። «እኛ የፈጠርነውን አይደለም።»

ወደ ናስር ዞሩ። «እኔ አላውቅም» አለ። «የእናቴን እጅ ሳልጠግብ ነው ያደግኩት። እናት ምን እንደሚሻላት በምን ልወቅ?»

ስላልተስማሙ፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቀን እንዲወስዷትና ማንም የሌላውን ቀን እንዳያበላሽ ተማማሉ።

ማክሰኞ የበፍርዱ ሆነ። በማለዳ ተነሥቶ የየቤቱን ሰው ለመነ። የጥብስ ቤቱ ባለቤት እምቢ አለው። «በሞተ ሰው አልዋሽም።» በፍርዱ ጉልበቱን ያዘ። «ለሞተው አይደለም ጋሼ፤ ላለችው ነው።» ከዚያ እናትየውን ክንዷን ደግፎ መጣ።

ኬክ ቤት ሲገቡ ገንዘብ ተቀባይዋ ከወንበሯ ተነሣች። «የማስረሻ እናት! እዚች ጥግ ነበር እኮ የሚቀመጠው። ሻዩ ላይ ስኳር አብዙልኝ ይል ነበር።»

«አዎን፣ ከልጅነቱም ጣፋጭ ነገር ይወዳል» አለች እናትየው፤ ወንበሩንም እንደ ሕፃን ጀርባ በመዳፏ ዳበሰችው። ሚልፎዩ በእጇ ላይ ፍርክስክስ አለና ነጩ ስኳር ጥቁር ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። አላራገፈችውም።

ጥብስ ቤት ባለቤቱ ራሱ ሳህኑን አቀረበላት።

«ሲበላ ይጠግብ ነበር?» አለችው።

«ይጠግብ ነበር እናቴ» አለና ወደ ማድ ቤት ገባ። እስኪወጡ ድረስ ተመልሶ አልመጣም።

ማታ ሲለያዩ የበፍርዱን ግንባር ሳመች። «ልጄ ሳይርበው ነው የሞተው። ተመስገን!» አለች። ያረፈችበት ቤት የአገሯ ሴት እንደምትለው፣ መርዶ ከሰማች ወዲህ ሳትባንን ያደረችው ያን ሌሊት ነው።

ረቡዕ የዓይናለም ነበር። ዓይናለም የእናትየውን የበራ ፊት ስታይ ልቧ ለሁለት ተከፈለ፤ ልተወው ይሆን ብላም አሰበች። ጥቂት እንደ ሄዱ ግን እናትየው ቆም አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ሌሊቱን ሳልባንን አድሬ፣ ጠዋት ስነሣ አንድ ነገር ከነከነኝ። እንዲህ ጠግቦ ከኖረ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሊያየኝ ሳይመጣ ቀረ? ጥጋብ አስረሳው ይሆን?»

ዓይናለም ያኔ ቆረጠች። «አልረሳዎትም እማማ። ይምጡ።»

እጇን ይዛ ወደ ሆቴሉ ጓሮ ወሰደቻት፤ ሳጥን ገልብጣ አስቀመጠቻትና ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻት። ሸክሙን፣ በረንዳውን፣ ላስቲኩን፣ ያገኘውን ሁሉ ለእሷ ስለሚልክ አንድም ቀን እንዳልመጣ። ከሳህን አጣቢዎቹ አንዷ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ጨመረች፦

«እሑድ እሑድ ሊደውል ሲል እዚህ ይቆምና ‘ዛሬ ለእናቴ ምን በላሁ ልበላት?’ ይለን ነበር። እኛም ያን ቀን በሳህን ሲመለስ ያየነውን እንነግረዋለን።»

እናትየው የሳህኖቹን ክምር አየች። ከዚያ፣ «ያንኑ አምጡልኝ» አለች።

«ዛሬ ረቡዕ ነው እማማ» አለች ዓይናለም። «ሥጋ አለበት።»

«ልጄ ቀን መርጦ ነበር የሚበላው?»

አመጡላት። ዕድሜዋን ሙሉ ረቡዕና ዓርብን ጥሳ የማታውቀው ሴት ከላስቲኩ እየዘገነች በላች። ስትጨርስ እጇን አየችው። «ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «ለካስ የልጄን ምሳ ነው ተከድኜ የምተኛው።»

ዓይናለም እግሯ ሥር ወድቃ ስታለቅስ ቀና አደረገቻት። «ልጄን አመጣሽልኝ። አልረሳኝም ነበር ለካ። ምነው ግን ባላመጣሽልኝ!» ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እህል ወደ አፏ አልቀርብ አለ።

ሐሙስ ናስር ተራው ደረሰና ካረፈችበት ቤት ሄደ። ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታ አገኛት።

«ዛሬስ የት ልትወስደኝ ነው?» አለች ሳትዞር።

«የትም። ካሉበት እቀመጣለሁ።»

ደፍ ላይ ተቀመጠ። የቤቱ እመቤት ምሳ አቀረበች፤ እናትየው እምቢ አለች፣ እሱም ሳህኑን ገፋ አደረገው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እናትየው ወደ እሱ ዞረች።

«አንተ ልጅ፣ ምሳህን በላህ?»

«አልበላሁም።»

«ቁርስስ?»

«እሱንም።»

«ምነው?»

«እርስዎ ሳይበሉ አይወርድልኝም።»

ፊቷ ተለዋወጠ። እናት ልጇን እንደምትቆጣ ተቆጣች። «አንተ ደግሞ በረሃብ ልትሞትብኝ ነው?» ብላ ብድግ አለች። ከአገሯ ይዛ ከመጣችው ከረጢት የገብስ በሶ አወጣች። እንደ ማመንታት አለችና፣ «በሶ ነው፤ ሥጋ የለበትም። ትበላልኛለህ?» አለችው።

«እበላለሁ።»

በውኃ ለውሳ፣ ጨብጣ አጎረሰችው። «ይጨምሩልኝ» አለ። ጨመረችለት። እሱም ከዚያው ቆንጥሮ ሲያጎርሳት አፏን ከፈተች። እንዲህ እየተጎራረሱ በሶው አለቀ። ናስር ያን ቀን ስለ ማስረሻ አንድም ቃል አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

በማግሥቱ አገሯ ድረስ ሸኛት። ቤቷ ደጃፍ ሲደርሱ ቆርቆሮውን አየችና መግባት አቃታት። ናስር ቀድሞ ገባ፤ ከውስጥ ሆኖ እጁን ዘረጋላት፤ ገባች። ጥቂት ቀናት ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየፈለጠ ከረመ። ሊመለስ ሲል፣ «ትመጣለህ?» አለችው።

«ክረምቱ ሳይገባ እመጣለሁ።»

ክረምቱ ገባ። ናስር ዛሬ ሥራ በዛ፣ ነገ መንገዱ ጨቀየ ሲል አልሄደም። ጎረቤቷ፣ ያ ባለ ስልኩ ሰው፣ በኋላ እንደ ተናገረው፣ አውቶቡስ በሚገባ ቁጥር እናትየው ሳትቀር መንገድ ዳር ትቀመጥ ነበር። በነሐሴ፣ በዝናቡ መሐል፣ ሞተች።

መስከረም ሲጠባ ጎረቤትየው ከባድ ጥቅል ተሸክሞ ጊዮርጊስ አደባባይ መጣ። ሲፈታው ባና ነው፤ መንዞች ከብርድ የሚከለሉበት ወፍራም የበግ ፀጉር ልብስ። ይመኙሻል ለማስረሻ ሠርግ ብላ ከገዛ በጎቿ ፀጉር ፈትላ ያሠራችው ነበር።

«‘ጊዮርጊስ ካሉት ሦስት ልጆች ልጄን ለመለሰልኝ ሰው ስጥልኝ’ ነው ያለችኝ» አለ ሰውየው። «ማን ይሆን ብዬ ብጠይቃት ትንፋሽ አጠራት። ስም አልጠራችም።»

ሦስቱም ባናውን እያዩ ቆሙ። ማንም አልነካውም።

«ልጇ ጠግቦ እንደ ሞተ አምና የተኛችበት ሌሊት ቢኖር እኔ የሰጠኋት ነው» አለ በፍርዱ። «የፈለገችውን ልጅ ያየችው ያን ቀን ነው። ዓይናለም ብትተወው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።»

«አንተ ያሳየሃት ልጅ በዚህ ምድር አልኖረም» አለች ዓይናለም። «ያ ያንተ ልጅ እናቱን ረስቷል። የኔው ግን ስለ እሷ ተርቧል። ልቧን ሰብሬያለሁ፤ አልክድም። የሰበርኩት ግን የራሷን ልጅ ሰጥቼ ነው።»

ናስር ግን፣ «እሷ ልታጎርሰው የምትችለው አፍ ነው የቸገራት» አለ። «አፌን ሰጠኋት። ከዚያ...» አለና አልጨረሰውም።

በፍርዱ ጨረሰለት። «ከዚያ ሁለተኛ ልጅ ቀበረች።»



ከዚያን ቀን ወዲህ ሦስቱ አብረው እንግዳ አስከትለው አልታዩም። ባናው ለጊዜው በአደራ የተሰጠው ለኬክ ቤቱ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ብርድ ቢያንዘፈዝፈውም የሰው አደራ ነው ብሎ አይለብሰውም። የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ ‘ለማን ልስጠው?’ እያለ ይጠይቃል፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ተከራክረውበታል፤ አንዱ የፈረደውን ሌላው ያፈርሰዋል።

እስቲ እናንተ ደግሞ ፍረዱ። አንዱ ዋሽቶ አስተኛት፤ አንዷ እውነቱን ነግራ ልቧን ሰበረችው፤ አንዱ ልጅ ሆኗት ሳይመለስ ቀረባት። ለይመኙሻል ልጇን የመለሰላት ማን ነው? ባናውስ ለማን ይገባል?