በእግዜር ማለትን የረሳው እንግዳ

አንድ ሰው ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፤ ብርድ በሚበረታበት የደጋ ከተማ ይኖራል። ውዳሴ የምትባል ትንሽ ልጅ አለችው። ይህቺ ልጅ ድሮ ጎህ ሲቀድ ከአልጋዋ ወርዳ፣ በባዶ እግሯ ዱብ ዱብ እያለች መጥታ ብርድ ልብሱ ውስጥ ትገባ ነበር።

አንድ ቀን መምጣቷ ቀረ። ጉልበቷ አብጦ፣ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍም አልዘረጋም ይላት ጀመር። ሐኪሙ «የመገጣጠሚያ ብግነት ነው፤ ልጆችንም ይይዛል። ሕክምናው ትዕግሥት ይፈልጋል» አለው። ልጆችንም? እሱ እስከዚያ ቀን ድረስ የሽማግሌ በሽታ ይመስለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አባት ማልዶ ይነሳል። ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ ጉልበቷን ይጠቀልልላታል። «ትንሽ ቆይ አባዬ፣ ገና ነው» ትለዋለች። ፀሐይ ሞቅ ሲል ጉልበቷ ይፍታታላታል። ከሰዓት በኋላማ ከልጆች ጋር ስትሯሯጥ ለሚያያት የታመመች አትመስልም። እሱን ግን ያ የማለዳ ኮቴዋ ናፈቀው። ወገኖቼ፣ ሰው አገሩን ይናፍቃል፣ የራቀ ዘመዱን ይናፍቃል። የገዛ ልጁን፣ እዚያው አጠገቡ ተኝታ ሳለች የሚናፍቅ አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ድንበሩ ከገጠር ሊጠይቃቸው መጣ። በደረሰ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ውዳሴ ደጅ ላይ ስትሯሯጥ አያት። በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቤተሰቡ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። ውዳሴ ፍራሿ ላይ ቀረች።

«ትናንት እንደ እንቦሳ ስትዘል የነበረች ልጅ ዛሬ ለታላቅ መነሳት አቃታት?» አለ ጋሽ ድንበሩ። «እንዲህ ነው የምታሳድጋት?»

አባት ምን ማለት ነበረበት? «ታማለች» ማለት ነበረበት። አላለም። ወንድሙን አፈረ። ብብቷን ይዞ አቆማት። ልጅቷም ሱሪውን ጨምድዳ ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ኖር፣ አባባ» አለች። ጨዋ ልጅ ተባለች። አባትየው ግን ያን ቀን ሙሉ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ማስገባት አቃተው።

በነጋታው ጠዋት ጋሽ ድንበሩ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የቤቱ ሰው ሁሉ ተነሳ። አባትየው ግን ፎጣውን እንደያዘ ከልጁ ፍራሽ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ እንዳለ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይቅር በለኝ። ዛሬ እሷ እስክትነሳ እኔም አልነሳም። ጠዋት ጠዋት ጉልበቷ ይታሰራል። ትናንት ያቆምኳት አንተን አፍሬ ነው።»

ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመ። ፎጣውን አየ፤ ያበጠውን ጉልበት አየ።

«የኔም ጉልበት ጠዋት እንዲሁ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ግን አርጅቼ ነው የመጣብኝ። ይህቺ ገና መች ኖረችና?»

ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ እያቃሰተ መሬት ላይ ተቀመጠ። «በእግዜር ልጄ፣ አትነሺ። ትናንት ይህን ማለት የኔ ፋንታ ነበር።»

አስተውሉ ወገኖቼ። ተቀማጩ «ኖር» ብሎ ይነሳል፤ መጪው «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣል። እኛስ? የራሳችንን ፋንታ እየረሳን ስንቱን ነው «ለምን አልተነሳህም?» የምንለው? «ትናንት ደህና አልነበርሽ?» ብላችሁ ያሳፈራችኋት ሴት የለችም? አሁን እንኳ፣ እዚሁ ምንጣፍ ላይ፣ ስግደቱ ያቃተው ሰው አጠገባችሁ የለም?

ውዳሴ ድናለች ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አባቷ ዛሬም ጎህ ሲቀድ ጆሮውን አቁሞ ያችን ኮቴ ይጠብቃል። ካልሰማት ፎጣውን ይዞ እሱ ይሄዳል። እኛም መነሳት ባቃተን ማለዳ አምላካችን እንዲሁ ወርዶ አጠገባችን ተቀምጧል። እንግዲህ ነገ ጠዋት በቤታችሁ መነሳት አቅቶት ያልመጣ ሰው ቢኖር አትጥሩት፤ ሂዱለት።